ያልተቆጠረው ጨዋታ

ቀኑን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ የምትውል ልጅ እቤታቸው እያለች፣ አባቷ የራሳቸውን ልብስ የሚተኩሱት ራሳቸው ናቸው። «አንቺ ኮሌታ ላይ ትቸኩያለሽ» ይሏታል። እሷም ከላውንድሪው ደክሟት ስለምትመለስ ክርክሩን ከተወችው ቆይታለች። የዛሬው ግን ገረማት። ጠዋት የካውያው ሽታ ቀስቅሷት ከክፍሏ ስትወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈው ብርድ ልብስ ላይ የተዘረጋው ትናንት አዘጋጅታ የሰቀለችላቸው ነጭ ሸሚዝ አልነበረም። ጥቁሩ የዳኝነት ማሊያ ነበር። የደረት ኪሱ ጠርዝ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል፤ ጥቁርነቱም ከእጥበት ብዛት ወደ አመድነት ሄዷል። አባቷ ሰባን ያለፈ ጀርባቸውን ጎንበስ አድርገው፣ የካውያውን ጫፍ በኪሱ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዞራሉ።

«ለስብሰባው ይኼን ልትለብስ ነው?»

«ከኮቱ ሥር ነው። ማን ያየዋል?»

«ማንም ካላየው ታዲያ ምን አስተኮሰህ?»

አባቷ መልስ አይገባውም ላሉት ጥያቄ መልስ አይሰጡም። ሜዳ ላይም እንዲሁ ነበሩ፤ ተጫዋች ከቦ ሲጮህባቸው የእጅ ሰዓታቸውን ነበር የሚያዩት። ሻይ አፍልታ ዳቦ ቆረጠችና ተቀመጡ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። መስኮቱ የሚከፈተው በጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ረፋድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ትልና ሥራ እንዳለባት ሴት ትሄዳለች። ጠረጴዛው ሦስት ወንበር አለው። በሁለቱ አባትና ልጅ ይቀመጣሉ፤ ሦስተኛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተቆልሏል። ጋዜጣውን የሚፈልገው ሰው የለም። የተቆለለው ወንበሩ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ነው። ወንበሩ የወንድሟ ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አውቶቡሱ ዞሮ በሚመለስበት ቦታ፣ አንድ የኳስ ሜዳ አለ። አባቷ በሥራ ቀን ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ እየዋሉ፣ በእረፍት ቀን እዚያ ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፉ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። የጎሎቹ ብረቶች ሲተከሉ ሲሚንቶውን ካቦኩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ኋላ ክለቡ ፈረሰ፤ ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ገቡ፤ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። አባቷ ግን ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ሜዳውን አንዴ ይዞሩታል፣ ከተሰበረው የተመልካች መቀመጫ ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። እሷ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ሜዳው የቀረ ዕለት አባቷ ያንን የጎረቤት ግድግዳ እያዩ ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት።

ሜዳውን ደግሞ ሰው ፈልጎታል። አንድ ድርጅት የድንኳን ሆቴል ልሥራበት ብሎ ለፕላን ጽሕፈት ቤቱ አመልክቷል። ድንኳን ሲባል የወታደር ድንኳን እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ የእንጨት ወለል፣ ሰፊ አልጋ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ አለው፤ የአንድ ሌሊቱም ዋጋ የእሷን የሳምንት ደሞዝ ያስንቃል። የከተማ ሰው ገጠር ውሎ እንዲያድር፣ ግን ገጠር እንዳይነካው ማለት ነው። የአካባቢው ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሥራ ይመጣል ይላል፣ ግማሹ ሜዳችን አይነካም ይላል። ደንቡ አጭር ነው። አንድ ሜዳ ላይ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በዳኛ የተመራ፣ ተጀምሮ የተጠናቀቀ አንድ ጨዋታ እንኳ ተደርጎ ከሆነ ለሌላ ሥራ አይሰጥም። ካልተደረገ እንደተተወ መሬት ይቆጠራል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጽሕፈት ቤቱ የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፤ ባለፉት አምስት ዓመታት እዚያ ሜዳ ላይ የተደረገውም ጨዋታ አንድ ብቻ ነው። የመሩትም አባቷ ናቸው። ነገሩ ሁሉ የእሳቸው አፍ ላይ ወድቋል።

ስለዚያ ጨዋታ እቤት ውስጥ አይወራም። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ የቀድሞ ተጫዋቾች ለትዝታ አንድ ቀን እንጫወት ብለው ተጠራሩ። ሣሩን ራሳቸው አጨዱ፣ መስመሩን በኖራ አሰመሩ፣ ዳኛው ጋሼ ይሁኑልን ብለው አባቷን ለመኑ። ወንድሟም ነበረበት። ወንድሟን ሰው ሁሉ ሽቦ ይለዋል፤ ልጅ ሆኖ ቀጭንና የማይሰበር ስለነበር የወጣለት ስም ነው፤ ዛሬ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ጎልማሳ ቢሆንም ስሙ አልለቀቀውም። ከእረፍት በኋላ ሽቦና የሰፈሩ ፋርማሲስት አንድ ኳስ ላይ ተገናኙ። ፋርማሲስቱ ወደቀ፤ ጉልበቱን ይዞ ጮኸ። አባቷ ደርሰው ቀይ ካርድ አወጡ፤ ለገዛ ልጃቸው። ሽቦ «ኳሷን ነው የነካሁት» አለ። አባቷ ሰዓታቸውን አዩ። ሽቦ ማሊያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ወጣ። ጓደኞቹም እየተንጠባጠቡ ተከተሉት። ቡድኑ ከሰባት ሰው በታች ሲሆን አባቷ ፊሽካቸውን ነፍተው ጨዋታውን አቋረጡ። እሷ ያኔ ጀርባዋን ሰጥታ የውሃ ጠርሙስ ትደረድር ነበር፤ ምንም አላየችም። ማታ እራት ላይ ሽቦ «ለልጅህ እንኳ አታዝንም?» ሲላቸው፣ አባቷ ቀና ሳይሉ «ዳኛ ልጅ የለውም» አሉ። ሽቦ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ውሃ አልጠጣም።

የተቋረጠ ጨዋታ ይደገማል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ፋርማሲስቱ ጉልበቱ ሲሻለው ይህንኑ ሊጠይቅ ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር። አባቷ «የወጡት ሁሉ ይመለሱና ይደገማል» አሉ። ሽቦ ደግሞ «እሳቸው ይጥሩኝና እመጣለሁ» አለ። አንዱ ሳይጠራ፣ አንዱ ሳይመጣ፣ ሣሩ ተመልሶ አደገ።

ላውንድሪው ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ጠባብ፣ ውስጡ ረጅም። ከፊት የልብስ መቀበያው ባንኮኒ፣ ከኋላ እንፋሎቱ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው በዛ። የሠርግ ቀሚስ የወይን ጠጅ ፈስሶበት ያመጣች ሴት «ይለቃል ብለሽ ማይልኝ» ስትላት፣ እሷ መማል ትታ ቀሚሱን ወደ መብራት አስጠጋች። መማል አትወድም፤ ይህን ከማን እንደወረሰችው ግልጽ ነው። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋውኖቹን በፌስታል ይዞ ሲገባ ገና ከበሩ የመጣበትን አወቀችው። ያቺን የተመታች ጉልበት ይዞ ደረጃ ሲወጣ አሁንም ያነክሳል።

«እህቴ፣ ጋሼ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው። ማሊያ እየተኮሱ።»

ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሜዳው እንዳይነካ ፊርማ ያሰባሰበው፣ ዛሬም በነዋሪው ስም የሚናገረው እሱ ነው። «ስሚኝ፣ እሳቸውን እኔ ልነግራቸው አልችልም፤ አፍራለሁ። አንቺ ንገሪያቸው። ተጫውተናል አይደል? ሰው አይቶናል አይደል? የቀረው ትንሽ ነበር። ተጠናቋል ወይ ሲሏቸው፣ አዎ ይበሉ፤ አዎ ብቻ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አዎ ይላል፣ የሚያስተባብላቸው የለም።»

«ሽቦስ?»

ፋርማሲስቱ ጋውኖቹን ባንኮኒው ላይ አስተካከለ። ሽቦ ከአራት ወር ወዲህ ለድንኳኑ ድርጅት ሹፌር ሆኗል፤ ያንን ማን አያውቅም። «ሊናገር ቢፈልግ እስካሁን ለድርጅቱ ሰዎች ይነግራቸው ነበር» አለ ፋርማሲስቱ። «አልነገራቸውም። ድርጅቱ ጨዋታው መደረጉን ነው የሚያውቀው እንጂ መቋረጡን አያውቅም። ዛሬ ተስፋ ቆርጠው ነው የሚመጡት።»

ይህን አልጠበቀችም። ሽቦ ወር በገባ ቁጥር ላውንድሪው ድረስ ይመጣል፤ የሚታጠብ ኮት የያዘ መስሎ ለአባቱ የጉልበት ቅባት፣ ሞቅ ያለ ካልሲ፣ አንዳንዴም መነጽር ማጽጃ ጨርቅ ባንኮኒው ሥር ትቶላት ይሄዳል። እሷ ለአባቷ «ከሱቅ ገዛሁልህ» ትላለች፤ አባቷ የቱ ሱቅ ብለው አይጠይቁም። በነዚህ ሁሉ ወራት ሽቦን ስለ ሥራው አንድ ቃል ጠይቃው አታውቅም። ስለ ጨዋታውም እንዲሁ። በእርግጥ ኳሷን ነክተህ ነው ወይስ ሰውየውን መትተህ ነው ብትለው፣ እሷን አይዋሻትም ነበር። ግን መልሱ የትም ቢወድቅ አንዱ አጥፊ ሆኖ ይወጣል፤ ወይ አባቷ፣ ወይ ወንድሟ። ባለማወቋ ሁለቱንም ይዛ የኖረች መስሏት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የሥራ ልብሷን አውልቃ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት አባቷን አገኘቻቸው። ቀድመው ደርሰው ሾርባ አዝዘዋል። ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል፤ በዚያ ሙቀት። ምግብ ቤቷ በሾፌሮች ተጨናንቃ ማንኪያና ወሬ ይንጫጫል። ሾርባው ሊያልቅ ሲል ነው እንደምንም የጀመረችው።

«አባዬ፣ ዛሬ ሲጠይቁህ... አዎ ብቻ ብትል ምን አለበት?»

«ምንድነው የሚጠይቁኝ?»

«ጨዋታው ተጠናቋል ወይ ነዋ።»

«አልተጠናቀቀማ።»

«አውቃለሁ እንዳልተጠናቀቀ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ይህን ሰው እንዴት ይናገሩታል? አባቷ እኮ ፖስታ ቤት አርፍደው የገቡ ቀን «አውቶቡስ ተበላሽቶ ነው» ማለት ሲችሉ «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» ብለው ደሞዝ ያስቆረጡ ሰው ናቸው። ሊያገባት የነበረው ሰው እናት እቤት ድረስ መጥተው፣ በሳቅ በጨዋታ መሐል «ልጅዎ ጠባይዋ እንዴት ነው?» ሲሏቸው፣ አባቷ አስበው አስበው «ጠዋት ጠዋት ባታናግሯት ጥሩ ነው» ብለዋል። ጋብቻው የቀረው በዚያ ነው ማለት አይቻልም፤ ግን አልጠቀመም። ያኔ ለብዙ ጊዜ ተቀይማቸው ነበር። ኋላ ቅሬታዋ ራሱ ደከመው መሰለኝ፣ ተዋት። አሁን ከባዶው ሳህን ባሻገር ስታያቸው ያ ቅሬታ ብቅ አለ።

«ሜዳው ይሄዳል እኮ፣ አባዬ።»

አባቷ ዳቦውን ቆርሰው ሳይበሉት አስቀመጡት። «ሜዳው እንዲቀር ከእኔ በላይ የሚፈልግ ማን አለ?» አሉ፤ ድምፃቸው አልከረረም። «ግን ፊሽካውን ነፍቼ አቋርጬዋለሁ። የነፋሁትን ምን ብዬ እመልሰዋለሁ?» ከዚያ አፋቸውን ጠርገው ተነሱ። እሷ ሒሳቡን ከፍላ ተከተለቻቸው። ሌላኛውን ጥያቄ፣ ሽቦ በእርግጥ ኳሷን ነክቶ ነበር ወይ የሚለውን፣ ዛሬም አላነሳችውም።

በአውቶቡስ ሄደው የደረሱበት የስብሰባ አዳራሽ ከሜዳው ማዶ ያለ አሮጌ መጋዘን ነው፤ ቆርቆሮው ይሞቃል፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ላብ አጣብቋቸው ከሚነሳው ሰው ጋር አብረው ይነሳሉ። ፊት ለፊት የድንኳኑ ሥዕል በትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ ማታ ነው፣ ድንኳኑ ከውስጥ ወርቅ መስሎ ያበራል፣ በተከፈተው በር አልጋው ይታያል። ነጭ አንሶላ፣ ነጭ ብርድ ልብስ፣ ነጭ ፎጣ እንደ ዳክዬ ተጠምዝዞ። ሳታስበው «ይኼን ሁሉ አንሶላ ማን ያጥብላቸዋል?» ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ለላውንድሪው የሚመጣው ሥራ ታያትና በራሷ አፈረች። ሽቦ ከኋላ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያዞራል። አየችው፣ አያት። አባቷ ወደ ኋላ አልዞሩም፤ መኖሩን ግን አውቀዋል፤ አንገታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

ሰብሳቢዋ ከፕላን ጽሕፈት ቤቱ የመጣች፣ የንባብ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ማንንም ሳታቻኩል አናገረች። አንድ አትክልት አምራች እናት ተነስተው፣ ልጆቻቸው ሥራ አጥተው ከቤት መዋላቸውን ተናገሩ፤ «እኔ ኳስ አልበላም» አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ቤት ያለው ሰው ድንኳን ለመተኛት የሚከፍል ከሆነ፣ እኔ ጣራዬ የሚያፈሰውን ቤቴን አከራያለሁ» አሉና አዳራሹን አሳቁት። የድርጅቱ ወኪል፣ ጥሩ ሱፍ የለበሰ ትሑት ጎልማሳ፣ ሥዕሉን እያሳየ ስለ ንጹሕ አየር ተናገረ፤ ልቡ ግን እዚያ አልነበረም፤ የተሸነፈ ሰው ንግግር ነው። ፋርማሲስቱ ተነስቶ ሜዳው እንዳልተተወ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ራሱ እዚያ ተጫውቶ ጉልበቱን እንኳ እንደተጎዳ ሲያስረዳ የነዋሪው ግማሽ አጨበጨበ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ዳኛውን ጠራች።

አባቷ ሲቆሙ የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ማሊያው ታየ። የኪሱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ተተኩሷል። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«እርስዎ የመሩት ጨዋታ ተጀምሮ ተጠናቋል?» አለች ሰብሳቢዋ።

አባቷ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። እሷ ከጎናቸው ካለው ወንበር ላይ ሆና ቀሚሷን በእጇ ጨመደደች። አዎ በል፣ አባዬ፤ አንዴ ብቻ።

«አልተጠናቀቀም» አሉ። «ዳኛው አቋርጦታል። የተቋረጠ ጨዋታ አይቆጠርም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ፋርማሲስቱ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። የድርጅቱ ወኪል ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ሽቦን አየው፤ «ታውቅ ነበር እንዴ?» የሚል አስተያየት። ሽቦ ቁልፉን ማዞር አቆመ፤ ወለሉን ያያል።

«ለቃለ ጉባኤው ያህል» አለች ሰብሳቢዋ፣ «ምክንያቱ ምን ነበር?»

እዚህ ላይ አባቷ እንደ ወትሮው ሰዓታቸውን የሚያዩ መስሏት ነበር፤ አላዩም። ቀና ብለው የድንኳኑን ሥዕል አዩ፤ ወይም ከሥዕሉ ባሻገር ያለውን።

«በዳኛው ስህተት ነው» አሉ። «አንድ ተጫዋች ያለ ጥፋቱ በቀይ ካርድ ወጣ። የነካው ኳሷን ነበር። ዳኛው ተሳስቶ አየ።»

«ተጫዋቹ ማን ነበር?»

«ልጄ ነው።»

ፋርማሲስቱ ጉልበቱን እንደያዘ ግማሽ ተነሳ፤ አፉን ከፈተ፤ አባቷን አየ፤ ጉልበቱን አየ፤ ምንም ሳይል ተቀመጠ። እሷ ወደ በሩ ዞረች። ሽቦ ቦታው ላይ አልነበረም፤ በሩ ብቻ ይወዛወዛል። ልጄ ነው የሚለውን ሰምቶ ይውጣ፣ ሳይሰማ ይውጣ፣ ማወቅ አልቻለችም። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀችና፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ጨዋታው ስላልተጠናቀቀ ሜዳው እንደተተወ እንደሚቆጠር፣ ማመልከቻውም ወደሚቀጥለው ደረጃ እንደሚያልፍ ተናገረች። የሚቀጥለው ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ ያላወቀ አልነበረም። ደስ ያላቸው ሰዎች እንኳ ጮክ ብለው አልተደሰቱም።

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄዱ መንገዱ አቧራ ነው። እሷ ሁለት እርምጃ ቀድማ ትራመዳለች፤ ተናዳለች። ለሜዳው አይደለም። በስህተት? ሁለት ዓመት ሙሉ በስህተት? የባዶ ወንበሩ ጋዜጣ፣ ባንኮኒ ሥር የሚደበቀው ካልሲ፣ «ከሱቅ ነው» የሚለው ውሸቷ፣ ያ ሁሉ ተሳስተው ስላዩ ነው? ካወቁስ ያኔውኑ ማታ እራት ላይ «ተሳሳትኩ ልጄ» ማለት ማንን ገደለ? ልትናገራቸው ስትዞር፣ አባቷ ኮታቸውን መልሰው እየቆለፉ ነበር፤ አንዱ ቁልፍ አልገባ ብሏቸዋል። ልትናገር ያለችውን ትታ ቆለፈችላቸው።

አውቶቡሱ ሄዷል። ቆመው ሳለ የድርጅቱ ቫን መጥቶ አጠገባቸው ቆመ፤ ጎኑ ላይ ያው የሚያበራው ድንኳን ተስሏል። ሽቦ መስታወቱን አወረደ። ፊቱ ታጥቦ የመጣ ይመስላል።

«ግቡ። ሌላ አውቶቡስ የለም» አለ።

አባቷ ድንኳኑን አዩት፤ ቀጥሎ ሽቦን አዩት። የሚቀመጡት የት እንደሆነ ሳይጨንቃቸው እሷ የፊተኛውን በር ከፍታ አስገባቻቸውና ከኋላ ገባች። ከኋላ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሸራ ተጭኗል፤ አዲስ ነገር አዲስ ነገር ይሸታል። ቫኑ ዞሮ በሜዳው በኩል ሲያልፍ ሽቦ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሣሩ መሐል ሁለቱ ጎሎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንደኛው አግዳሚ መሐሉ ላይ ጎብጧል።

«አባዬ» አለ ሽቦ፤ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ኳሷን አልነካሁም እኮ።»

አባቷ በመስኮቱ ያያሉ።

«ፋርማሲስቱ፣ የዳኛ ልጅ ነህ፣ ማን ይነካሃል አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲሉኝ የኖሩት ነው። ሰለቸኝ። ኳሷ ከሄደች በኋላ ነው የመታሁት፤ አውቄ ነው። ለሰው ሁሉ ኳሷን ነው የነካሁት አልኩ፤ አንተ ደግሞ ዛሬ ያንኑ...» አልጨረሰውም።

«አይቻለሁ» አሉ አባቷ።

«ምኑን?»

«ስትመታው። አጠገባችሁ ነበርኩ። በደንብ ነው ያየሁት።»

እሷ ከኋላ ሸራው ላይ እጇን እንደጫነች ቀረች። ምሳ ላይ አንዲት አዎ ለምናቸው አልሰጧትም፤ ያንን ሁሉ ሰው፣ ያንን ሁሉ ሣር፣ የሚሄዱበትን ብቸኛ ቦታ ሊያተርፉበት ይችሉ የነበረውን ውሸት ለሜዳው አላወጡትም። አንድ ውሸት ብቻ ነበራቸው መሰል፤ ለልጃቸው አስቀምጠውት ኖረው ዛሬ አወጡት። እሱም የሚያስፈልግ አልነበረም። ሽቦ ጥፋቱን ያውቃል፣ አባቷ ጥፋቱን ያውቃሉ፤ የጎደለው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ያ ሰው እሷ ነበረች። ያኔውኑ ሽቦን ጠይቃው ቢሆን ይነግራት ነበር፤ ቢነግራት ይታረቁ ነበር፤ ቢታረቁ ጨዋታው ይደገም ነበር። ተደግሞ ቢሆን ደግሞ ዛሬ ማንም ምንም አይጠየቅም ነበር። እንባዋ መጣ፤ ከፊት ያሉት እንዳይሰሟት አፍንጫዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች።

ከተማ ሲገቡ መብራቶች በርተዋል። ቫኑ ከሕንፃው በር ላይ ቆመ፤ ሽቦ ሞተሩን አላጠፋም፤ እጆቹ መሪው ላይ ናቸው። አባቷ የደህንነት ቀበቶውን መፍታት አቅቷቸው ይታገላሉ፤ ሽቦ ጎንበስ ብሎ ፈታላቸው።

«ሰኞ የጎሎቹን ብረት ንቀል ብለውኛል» አለ ሽቦ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ሌላ ሰው ይንቀለው ልላቸው እችላለሁ።»

አባቷ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አደረጉ።

«ሌላ ሰው ያጎብጠዋል» አሉ። «ሲሚንቶው ጥልቅ ነው። ሞተሩን አጥፋና ግባ፤ እንዴት እንደሚነቀል እነግርሃለሁ።»

እሷ ከወንበሩ ላይ ጋዜጣውን ልታነሳ ቀድማቸው ደረጃውን ወጣች።